የሥዕል ሰብሳቢን ፊት ለፊት አስቀምጦ መሳል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ባለፈው ዓመት ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር አጋማሽ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የሥዕል ሰብሳቢ ቤት እየተመላለስኩ ፊታቸውን በከሰል ስያለሁ፣ አስራ አንድ ጊዜ ነው የተቀመጡልኝ። ከዛ ወዲህ የሥዕል ተማሪዎችም፣ አባታቸውን ማሳል የሚፈልጉ ሰዎችም፣ አንዳንድ ሰብሳቢዎችም ሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው፣ ለያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የሰውየውን ስም አልጠራም፣ እንደማይፈልጉ ነግረውኛል። እዛ ቤት እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ፎቶ አንስተሽ ከፎቶው ብትስዪ አይቀልም ነበር?

ይቀላል፣ በጣም ይቀላል፣ እኔም ብዙ ጊዜ ትዕዛዝ ሲመጣ ከፎቶ ነው የምሰራው ምክንያቱም ሰው ጊዜ የለውም። ግን ስልክ ቀርቦ ሲያነሳ አፍንጫን ያገዝፋል ጆሮን ወደኋላ ያርቃል፣ ቅንድብ ስር ያለውን ጥላ ደሞ ጥቁር አድርጎ ይዘጋዋል፣ በዓይን ስታዩት ግን እዛ ጥላ ውስጥ ከጋቢው ነጭ የተመለሰ ብርሃን አለ፣ የዓይን ቆቡ እጥፋት አለ፣ ሁሉ ነገር አለ። ሌላው ደሞ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀመጥ ፊቱ ባለበት አይቆይም። መጀመሪያ ይጠነቀቃል፣ ከዛ ይደክመዋል፣ ጉንጩ ይወርዳል፣ የሆነ ነገር ትዝ ይለውና ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እናንተ ያንን ሁሉ እያያችሁ ነው አንዷን መስመር የምታሰምሩት። ፎቶ የተጠቀምኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለጋቢው እጥፋት፣ ምክንያቱም በተነሱ ቁጥር ስለሚፈታ በማግስቱ እንደዛው መልሶ ማጠፍ አይቻልም።

ትልቅ ሰው ላይ እንደዛ ማፍጠጥ አያሳፍርም?

ያሳፍራል። ይሄን ጥያቄ ሚጠይቁኝ ልጆች እዚሁ አካባቢ ያደጉ ናቸው፣ ገብቷቸው ነው ሚጠይቁት። እኔ መንዝ ነው ያደግኩት፣ ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ዓይንሽን ሰበር አድርገሽ መሬት መሬት እያየሽ ነው ምትሰሚው፣ ቀና ብሎ ዓይን ውስጥ ማየት ድፍረት ነው። እና በሃያ ምናምን ዓመቴ ተምሬ መጥቼ አባቴ ሊሆኑ ሚችሉ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ሁለት ሜትር ላይ ሆኜ ዓይናቸውን፣ የከንፈራቸውን ስንጥቅ፣ የአንገታቸውን ቆዳ ማየት ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት አሁን ሳየው ጋቢው በደንብ ተስሏል፣ ወንበሩ ተስሏል፣ ፊቱ ላይ ግን አምስት መስመር ብቻ ነው ያለው። እጄ እምቢ ብሎ ነው።

ባለቤታቸው እትዬም አልተመቻቸውም ነበር። ቡና ይዘው ሲገቡ እኔ አትኩሬ ሳያቸው አዩና «ልጄ ኧረ በዓይንሽ እንዳትበይብኝ፣ በስመ አብ በዪ» አሉኝ። ከልባቸው ነው። እኔም በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ሁልጊዜ እል ነበር፣ ጋሼም አብረውኝ አሜን ይሉ ነበር፣ እና ያቺ ነገር በጣም ረዳችን ምክንያቱም ከዛ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁለታችንም የሥራ ጊዜ ሆነ። ሁለተኛ የረዳኝ ምን እንደማይ መናገር ነው። «አሁን ጆሮዎትን ነው የማየው»፣ «አሁን አገጭዎት ጋ ነኝ» እያልኩ እነግራቸዋለሁ፣ እንደሱ ሲባል ሰው ያለ ምክንያት የተፈጠጠበት አይመስለውም፣ እንዲያውም ያ ቦታ ዘና ይላል። ለማንኛውም ጀማሪ ይሄን እመክራለሁ፣ በተለይ ሴት ሆናችሁ ሽማግሌ ምትስሉ ከሆነ በሩ ክፍት ይሁን፣ የቤት ሰው ይግባ ይውጣ፣ ለነሱም ለናንተም ይቀላል።

ሰብሳቢ ከሌላ ሰው በምን ይለያል? ፊት ፊት አይደል እንዴ?

በደንብ ይለያል፣ ይሄን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ነው ምመልሰው ምክንያቱም ከዚ ሥራ የተማርኩት ዋናው ነገር እሱ ነው።

ብዙ ሰው ሲቀመጥ ስለ ራሱ ነው ሚያስበው፣ ፀጉሬ እንዴት ነው፣ አፌን ልግጠም ልክፈት። ሰብሳቢ ግን ስለ ሥዕሉ ነው ሚያስበው። ጋሼ ከአርባ ዓመት በላይ ሥዕል ሲገዙ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ጨርቅ ላይ የተሳለ የዓድዋ ጦርነት አለ፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ያለበት፣ ከአያታቸው የወረሱት ባለ ሥዕል የብራና ዳዊት አለ፣ ከሥዕል ትምህርት ቤት ወጥተው ገና ስም ያላወጡ ልጆች ሥራ አለ፣ አንዳንዱን የወር ደመወዛቸውን ሙሉ ከፍለው ነው የገዙት። እንደዚ አይነት ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ ከሰሉ ወረቀት ላይ ሲሄድ ያለውን ድምፅ እንኳን ይከታተላል፣ ረጅም መስመር ስትስቡ ዓይኑ ወደ ቦርዱ ይሄዳል፣ ያኔ ደሞ አንገቱ ይዞራል። ከዛም በላይ በመቶ ምናምን ሥዕል ላይ የተሳለ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አይቷልና የተሳለ ሰው ሆኖ ነው ሚቀመጠው። ደረታቸውን ነፋ፣ አገጫቸውን ቀና፣ ዓይናቸውን ሩቅ አድርገው።

አምስት ዙር ሙሉ የሰራሁት የመታወቂያ ፎቶ የመሰለ ነገር ነው። ልኩ ልክ ነው፣ ይመስላል፣ ሰው ቢያየው እሳቸው ናቸው ይላል። እኔ ግን ቤቴ ይዤው ስገባ ይከፋኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ከጓዳ አንዲት ትንሽ ሥዕል ይዞ መጣና አባባ ይቺ ሚስማሯ ወልቆ ወድቃለች አላቸው። ተቀበሉት፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጥግ ጥጓን ዳሰሱ፣ አልተጎዳችም፣ ከዛ በክንዳቸው ራቅ አድርገው ያዟት። ፊታቸው ሌላ ሆነ። ጭንቅላታቸው ትንሽ ወደኋላ ሸሸ፣ ግራ ዓይናቸው ጠበብ አለ፣ የታችኛው ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ግንባራቸው ግን አምስት ዙር ሙሉ አጥብቀው ይዘውት የነበረው ግንባር ፍትት አለ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ምንም አልሳልኩም፣ እጄን አቁሜ ዝም ብዬ አየሁ፣ ልጁ ሥዕሏን ይዞ ሲወጣ ቦርዱ ላይ የነበረውን ወረቀት ነቅዬ አዲስ ለጠፍኩ።

ከሰባተኛው ዙር ጀምሮ ከግራ ትከሻዬ ጀርባ አንድ ወንበር ላይ በሳቸው ዓይን ልክ ሥዕል እያስቀመጥኩ እሱን እንዲያዩ አደረግኩ። የገረመኝ ነገር በየሥዕሉ ፊታቸው ይለያያል። ዓድዋውን ሲያዩ ዓይናቸው አያርፍም፣ ሰው ስለሞላው ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። ዳዊቱን ሲያዩ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ሊያነቡ ነው ሚፈልጉት። ያቺን ትንሿን ሲያዩ ግን ይረጋሉ፣ ባህር ዛፍ ጥግ ያለ ግቢ ውርጭ የመታው ሣር ነው ያለባት፣ ፊርማ የላትም። ስለዚ እሷን መረጥኩ፣ የቀሩት ዙሮች በሷ ነው ያለቁት። እና ሰብሳቢ ምትስሉ ከሆነ እናንተን እንዲያይ አታድርጉት፣ ሚወደውን ነገር ስጡትና ሲያይ ሳሉት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰራ የኖረው ሥራ ማየት ነው።

ስንት ጊዜ መቀመጥ አለበት? አስራ አንድ አልበዛም?

ለከሰል ሥራ በዝቷል፣ አምስቱ የጠፉት ከላይ በነገርኳችሁ ምክንያት ነው። አሁን ቢሆን በአራት ወይ በአምስት እጨርሰዋለሁ። ግን መብዛቱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሴዛን እ.ኤ.አ. በ1899 ፓሪስ ውስጥ የሥዕል ነጋዴውንና ሰብሳቢውን ቮላርን ሲስል ቮላር ራሱ እንደተናገረው 115 ጊዜ ነው ያስቀመጠው፣ ሰውየው አንዴ እንቅልፍ ይዞት ከወንበሩ ወድቋል፣ በመጨረሻም ሥዕሉ አላለቀም፣ ሴዛን የሸሚዙ ደረት አካባቢ ብዙም አልከፋኝም ብሎ ነው የተወው። ፒካሶ ደሞ ጌርትሩድ ስታይንን፣ እሷም ትልቅ ሰብሳቢ ናት፣ ሰማንያ ዘጠና ጊዜ ያህል አስቀምጧት ፊቷን ጠራርጎ አጠፋው፣ ከዛ ስፔን ሄዶ ከርሞ ተመለሰና እሷ በሌለችበት እ.ኤ.አ. በ1906 ፊቷን ሳለው። እኔ እነዚን ታሪኮች ትምህርት ቤት ስሰማ ማጋነን ይመስለኝ ነበር፣ ራሴ አምስት ዙር ከደፋሁ በኋላ ግን አይመስለኝም።

አንዱን ዙር እንዲ ከፋፍሉት፣ 25 ደቂቃ መቀመጥ፣ 5 ወይ 10 ደቂቃ መነሳት፣ ሦስቴ። ከሦስት በላይ ሽማግሌ ሰው አይችልም፣ እናንተም አታዩም። ከመነሳታቸው በፊት የወንበሩን አራት እግር፣ የሳቸውንም ሁለት እግር ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ የራሳችሁንም ቦታ፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ቀን ጭንቅላቱ በሁለት ጣት ዞሮ ታገኙትና ምን እንደተበላሸ ሳይገባችሁ ቀኑ ያልቃል።

ከፊት ነው ከጎን?

እኔ መጀመሪያ ሙሉ ጎን አስቤ ነበር፣ አፍንጫቸው ደስ ስለሚል። ጋሼ ግን አይሆንም አሉ፣ ምክንያታቸውም ልክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ነው ሚሳሉት፣ በአንድ ዓይን በጎን ሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ከሃዲ ነው፣ ጌታን የሰቀሉት ናቸው። የጨርቁ ዓድዋ ላይ ራሱ የኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን ነው የተሳሉት። አርባ ዓመት ያንን ሲያይ የኖረ ሰው በጎን አልሳልም ቢል ሰምቶ መቀበል ነው። ስለዚ ሩብ ያህል ዞር አድርጌ ሁለቱም ዓይን እንዲታይ አድርጌ ሳልኳቸው።

ብርሃኑን እንዴት ነው? መጽሐፍ ላይ የሰሜን መስኮት ይላል

መጽሐፉ አውሮፓ ነው የተጻፈው። እነሱ ጋ ፀሐይ ሁሌ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜን መስኮት ቀኑን ሙሉ እኩል ብርሃን ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ግን ከምድር ወገብ 9.7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ ያለችው፣ እና ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት! በነዛ ወራት የሰሜን መስኮት ስር ያስቀመጣችሁት ሰው ፀሐዩ በቀጥታ ሊመታው ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሆነ ብዙ አይታወቅም፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ታገኙታላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ መስኮቱ ላይ ስስ ነጠላ መወጠር።

እኛ የሰራነው በኅዳር በታኅሣሥና በጥር ስለነበር ፀሐይ ወደ ደቡብ ርቃ ነው፣ የሰሜኑ መስኮት ቀጥ ብሎ የቆመ ብርሃን ነበረው። ችግሩ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በነዛ ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣት አይታዘዝም፣ የተቀማጩም አፍንጫና ጆሮ ቀልቶ ነው ሚመጣው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት አትጀምሩ። ከደጅ ከገቡ ደሞ ግማሽ ሰዓት ስጧቸው፣ ፊት ቤት ውስጥ ሲሞቅ ቅርፁም ትንሽ ይለወጣል፣ የቀለም ሥራ ከሆነማ ጨርሶ ሌላ ሰው ነው። ጣርማ በር ወይ ደብረ ሲና በኩል ያላችሁ ደሞ ጉሙን ታውቁታላችሁ፣ አስር ደቂቃ ውስጥ ክፍሉን ያለብሰዋል፣ ሲመጣ ዕቃ አስቀምጣችሁ ቡና ጠጡ፣ በጉም ውስጥ ያያችሁት ጥላ ጉሙ ሲገፍ አይኖርም።

ጾም ላይ መሳል ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሰዓቱን ጠብቁ። ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለገባ አብዛኛው ሥራችን ጾም ላይ ነበር፣ ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ሚጾሙት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያለው ፊትና ስምንት ሰዓት ላይ ያለው ፊት አንድ አይደለም፣ ከሰዓት ዓይናቸው ስር ይጎደጉዳል፣ የጉንጭ አጥንታቸው ይወጣል። አንዴ በጠዋቱ የጀመርኩትን ከሰዓት ስቀጥል አንድ ጉንጭ የጠገበ አንድ ጉንጭ የራበው ሆኖብኝ አጥፍቼ ጀምሬያለሁ። አንድ ሰዓት መርጣችሁ በዛው ጨርሱ። ጾም ደሞ ለዚ ሥራ የራሱ ጥቅም አለው፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሰውየውም ዝም ማለት አይከብደውም።

ከሰሉን ከየት ነው ምታመጪው?

ራሴ ነው ማቃጥለው። የውጭ አገሩ የሥዕል ከሰል ከአኻያ ዘመድ ነው ሚሰራው፣ አኻያ ደሞ እኛ ወንዝ ዳር ሞልቷል። እንደ እርሳስ ቀጭን የሆነውን ቀጥ ቀጥ ያለውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ልጣጩን ላጡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ክዳኑ ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ በምስማር፣ እሳት ውስጥ ክተቱት። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል፣ ጭሱ ሲያቆም አውጡትና ሳትከፍቱ ሙሉ ለሙሉ እስኪበርድ ተዉት፣ ትኩሱን ከከፈታችሁት አየር ገብቶ አመድ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ግማሹ ይሰበራል፣ አይግረማችሁ። ለማጥፊያ ላጲስ ሳይሆን የእንጀራ ወይም የዳቦ ልብ እጠቀማለሁ ሚሉ አሉ፣ ዳቦ ይሰራል፣ ጠቅጥቆ ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ ማሸት አይደለም። እንጀራ ግን እርጥበቱ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል።

ወረቀት ላይ አትቆጥቡ። ሻካራ ያለው ነው ከሰል ሚይዘው፣ ለስላሳ ላይ ይንሸራተታል። ጋዜጣ ወረቀት ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ለሰብሳቢ ግን አይሰጥም፣ ቢጫ ይሆናል።

ስብስቡን ከኋላው ልሳልለት?

ብዙ ሰው ይሄን ያደርጋል፣ ድሮም ነበረ። ሎሬንዞ ሎቶ የሚባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1527 ቬኒስ ውስጥ አንድሬያ ኦዶኒ የሚባል ነጋዴ ሲስል ሰውየውን በጥንት ሐውልቶቹ መሀል አስቀምጦ አንዷን ትንሽ ሐውልት በእጁ አስይዞ ነው የሳለው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉሲያን ፍሮይድ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1981 እና 82 ባሮን ቲሰን ቦርኔሚዛ የሚባለውን ታላቅ ሰብሳቢ አስቀምጦ ሲስል ከጀርባው የሰውየው ንብረት የሆነውን፣ ዋቶ የሚባል የድሮ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሳለውን ሥዕል ቁራጭ አስገብቷል፣ ሙሉውን ግን አይደለም፣ ጭንቅላቱ ዙሪያ ያለውን ያህል ብቻ ነው። ሥዕሉ አሁን ማድሪድ ውስጥ በሰውየው ስም በተሰየመው ሙዚየም ነው ያለው።

በኛ አገር ግን ከዚ የሚለይ ልማድ አለ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ሥዕሉን ያሳለው ሰው ከእመቤታችን ወይ ከቅዱሱ እግር ስር በግንባሩ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ተስሎ ታዩታላችሁ፣ አጠገቡ ስሙ ተጽፎ፣ ተማኅፀነ ተብሎ። ባለገንዘቡ እሱ ነው፣ ግን ታች ነው ያለው፣ ትንሽ ሆኖ። እኔ ይሄን በጣም ነው ምወደው። ጋሼንም ስስላቸው ከኋላቸው ምንም አላስገባሁም፣ ባዶ ግድግዳ ነው። ሥዕሉ ያለው ሚያዩበት በኩል ነው እንጂ ጀርባቸው ላይ አይደለም፣ ተመልካቹ ምን እያዩ እንደሆነ አያውቅም፣ ፊታቸውን ብቻ ነው ሚያየው። አንዳንድ ሰው የሰውየው ሀብት ይታይ ነበር ብሎኛል፣ አልስማማም።

ሰሜን ሸዋ ቁጭ ብሎ ፖርትሬት መስራት ይቻላል? አዲስ አበባ ካልሆነ ማን ያያል?

ይቻላል። አፈወርቅ ተክሌ፣ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት የተባሉት፣ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አንኮበር ነው። ለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ሄደው ነው የተማሩት፣ ስሌድ ደሞ ሰውን አስቀምጦ በመሳል የታወቀ ቦታ ነው። ከሳቸውም በፊት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 43 ከእንግሊዝ መልዕክተኞች ጋር የመጣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አንኮበርና አንጎለላ ድረስ ቦታውንም ሰዉንም እያየ ስሏል። እና የዚህ አገር ፊት በእርሳስ ሲታይ የመጀመሪያው አይደለም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ነው፣ ማሳየት ከፈለጋችሁ በአንድ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ ሰዉ ግን እዚ ነው ያለው።

መሀል ላይ አስተያየት ቢሰጡ ምን ላድርግ?

ሰብሳቢ አስተያየት ይሰጣል፣ አትከልክሉት፣ ግን መቼ እንደሚሰጥ ተስማሙ። እኔና ጋሼ የተስማማነው ዙሩ ሲያልቅ ያያሉ፣ መሀል ላይ አያዩም ብለን ነው። በዘጠነኛው ዙር አይተው «ይሄ ዓይን የኔ አይደለም፣ የምታውቂውን ዓይን ነው የሳልሽው» አሉኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ልክ ነበሩ፣ ቀኝ ዓይኑን ሳላይ ከልምድ ነው የሰራሁት፣ የላይኛው ቆብ ወደ ውጭ በኩል እንደወረደ አላየሁም ነበር። «አፍንጫዬ ትንሽ ይነስ» ሲሉ ግን አልቀነስኩም፣ እርሳሱን በክንዴ ዘርግቼ ልኩን ለክቼ አሳየኋቸው፣ ተቀበሉ። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ያላያችሁትን ከነገሯችሁ ስሙ፣ ያያችሁትን አስተካክሉልኝ ካሏችሁ ለክታችሁ አሳዩ።

ዋጋውስ? ከዛ በኋላ ሥዕሉን ፖስት ማድረግ ይቻላል?

ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ቡና ላይ ሳይሆን በወረቀት ተነጋገሩ፣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበሉ፣ ስንት ዙር እንደሚቀመጡም ጻፉ። ሥዕሉን ከሸጣችሁ በኋላ ኮፒ ማሳተም፣ ኤግዚቢሽን መዋስ የመሳሰለውንም እዛው ጻፉት፣ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

ፖስት ማድረግን በተመለከተ ብዙ ልጆች እኔ የሳልኩት የኔ ነው ይላሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ወይም ሥዕል ያለፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። በሕዝብ የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ጋሼ ግን ቤታቸው ቁጭ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ጠየቅኩ፣ አይሆንም አሉ፣ ስለዚ ላሳያችሁ አልችልም፣ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የምመልሰው ይሄንኑ ነው። ሰብሳቢ ቤት ሄዳችሁ የግድግዳውን ፎቶ ማንሳትም እንደዛው ነው፣ ቅርስ የሆነ ነገር ያለው ሰው ቤቱ እንዲታወቅ ላይፈልግ ይችላል፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ፍሬም ላይ ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

መስታወቱ ከሰሉን እንዳይነካ። ይሄን በደንብ እያወቅኩ አንድ ፍሬም ቤት ሰጥቼ ሄድኩ፣ መሀሉ ላይ የካርቶን ፓስፓርቱ፣ መስታወቱን ከወረቀቱ የሚያርቀው የካርቶን ክፈፍ ማለት ነው፣ ይግባ ብዬ ተናግሬ ነበር፣ ስመለስ መስታወቱን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ጭነው በምስማር መትተውታል። ስናወጣው የግራ ጉንጩ ጥላ መስታወቱ ላይ ቀርቷል። አለቀስኩ። ጋሼ አንድ ተጨማሪ ዙር ልቀመጥ አሉና ያንን ጉንጭ መልሼ ሰራሁት፣ አስራ አንደኛው ዙር እሱ ነው። ከዛ በኋላ ፍሬም ሲመታ አጠገቡ ቆሜ ነው። ከሰሉን ለማስያዝ ሄር ስፕሬይ ምትጠቀሙ ወረቀቱን ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሊያደርገው ስለሚችል ለሚሸጥ ሥራ ትክክለኛውን ፊክሳቲቭ ፈልጉ፣ ከሩቅ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ፣ ደጅ ወጥታችሁ። ክረምት ላይ ደሞ የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ እርጥበት ይገባውና ይሻግታል።

ሰብሳቢ ሚባል ሰው አላውቅም፣ ከማን ልጀምር?

የሆነ ነገር በደንብ ከሚያይ ሰው። እናታችሁ ቡና ሲቆሉ ብረት ምጣዱን ያያሉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፊታቸው ከዛ አይነሳም፣ ጭሱ ሲመጣ ብቻ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ። ልብስ ሰፊ መኪናው ላይ፣ ዳዊት ሚደግም ሰው፣ በርኖስ ሚሰራ ሸማኔ። አስፈቅዷቸው፣ ምን እንደምታዩ ንገሯቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ብቻ፣ ጋቢና ወንበር አትንኩ፣ እኔ የሸሸሁት ወደዛ ነውና። ከወረቀቱ ጀርባ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ጾም ይሁን ፍስክም ጨምሩበት፣ በሚቀጥለው ስትሄዱ በዛው ሰዓት ሂዱ።